የመጋቢት ጊዮርጊስ ጠላ

እምሩን የጠየቀ ሰው የሚሰማው ይህን ነው፦ ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረው የልብ መድኃኒት መዋጥ ከጀመረ በኋላ ነው። ልቡን ታሞ ሆስፒታል ሲገባ እጁ እንደ ድንጋይ የረጋ ነበር። ሲወጣ አንድ ከረጢት ክኒን አሸከሙት፤ የመጀመሪያው ብልቃጥ ሳያልቅ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ክር እንደሚያፍተለትል ሰው ይተሻሹ ጀመር። «ከዚያ በፊት እጄ እንዴት እንደነበረ ፒያሳን ጠይቁ» ይላል። ዕድሜውን በሙሉ ሱፍ ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው፤ በመርፌ ቀዳዳ ክር ለማስገባት ሁለተኛ ሞክሮ አያውቅም ነበር።

ሚስቱን አይናዲስን የጠየቀ ደግሞ ሌላ ይሰማል። እጁን ያንቀጠቀጠው የታመመው ልቡ እንጂ መድኃኒቱ አይደለም። ልብ ሲደክም ደም እስከ ጣት ጫፍ አይደርስም፤ ደም ያልደረሰው ጣት ደግሞ ብርድ እንደመታው ይንቀጠቀጣል። እጁ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው፤ ይህን ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ መፍትሔው መድኃኒቱን አጥብቆ መዋጥ ነው።

እንግዳ በመጣ ቁጥር ሁለቱም ታሪካቸውን ያቀርባሉ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ጣሪያ ያያል። የአፍንጮ በር ጎረቤቶች ሦስተኛ ወሬ አላቸው፤ እጁ የተንቀጠቀጠው ፒያሳ ሱቁ የነበረበት ሕንፃ ሲፈርስ ነው ይላሉ። በዚህ ጊዜ ባልና ሚስት ይስማማሉ፤ ሱቁ ሲፈርስ እጁ ቀድሞ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ክርክሩ ማንንም የማይጎዳ የቤት ጨዋታ ይመስል ነበር፤ አይናዲስ የአዝራሩን ጠርሙስ እስከዘረገፈችበት ቀን ድረስ።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው። ልጃቸው ኤዶም አዝራሩ የወደቀ ነጭ ሸሚዝ ትታ ሄዳ ነበር። ኤዶም የራሷን ቤት ይዛ ከወጣች ቆይታለች፤ አዝራሯ ሲወድቅ ግን እስከዛሬ ወደ አባቷ ቤት ነው የምታመጣው። አይናዲስ በባዶ የማርማላታ ጠርሙስ የሚቀመጡትን አዝራሮች ትሪ ላይ ገለበጠችና ነጩን ከጥቁሩ ትለይ ጀመር። ከነጮቹ መካከል አንዳንዶቹ ቀዳዳ የላቸውም። አንዷን አንስታ ወደ ብርሃን አቀረበቻት። በየጠዋቱ በገዛ እጇ ከአንድ ብርጭቆ ውኃ ጋር የምታቀብለው ትንሿ ነጭ ክኒን ናት፤ ሐኪሞቹ «ይህችን አንድ ቀን እንኳ እንዳትዘሉ» ያሏት። ትሪው ላይ አንድ እፍኝ ያህል አለ።

እምሩ በመስኮቱ ሥር ከስፌት መኪናው ፊት ተቀምጧል። መኪናዋ ከሱቁ ዕቃ ሁሉ ተርፋ ወደ ቤት የመጣች ናት፤ አሁን ከመስፋት ይልቅ የክርን መደገፊያ ሆናለች።

«እምሩ» አለችው፣ ትሪውን ጭኑ ላይ አስቀምጣ። «እነዚህን በየትኛው ሸሚዝ ላይ ልትተክላቸው አስበህ ነው?»

ትሪውን አየ። ከዚያ መስኮቱን አየ።

«ቀዳዳ የላቸውም እኮ» አለ፣ ቀልድ ያድነው ይመስል።

አልሳቀችም። ምላሱ ሥር ደብቆ፣ ውኃውን ጠጥቶ፣ እሷ ብርጭቆውን ልታጥብ ስትዞር ወደ ጠርሙሱ እንደሚጨምራት ራሱ ነገራት። የቀሩትን በሙሉ ይውጣል፤ ይህችን አንዷን ብቻ ከፍልሰታ ጾም ጀምሮ አቁሟታል። ጥፋተኛዋ ይህች ክኒን ናት ብሎ ፈርዶባታል።

«ታዲያ ተሻለህ?»

«ከሰውነት እስክትወጣ ጊዜ ትፈልጋለች» አለ። እጁ ትሪው ጠርዝ ላይ ነበረችና አዝራሮቹ ሁሉ እንደ ዝናብ ይንሿሿሉ ነበር።

አይናዲስ በዚያች ሰዓት ብዙ ልትለው ትችል ነበር። ሆስፒታል በር ላይ ኤዶምን አቅፋ የቆመችበትን ሌሊት ልታስታውሰው፣ ልትቆጣው፣ ልታለቅስበት ትችል ነበር። ይልቅ አዝራሩን ለቀመች። ከዚያ ጓዳ ገብታ ለልጇ ደወለች።

ኤዶም እንደ አባቷ ቀልደኛ፣ እንደ እናቷ ደረቅ ናት። በማግሥቱ መጥታ አባቷን አልተቆጣችም። ክኒኗ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኗን የሚያውቅ ዳኛ ዘንድ እንሂድና ይፈረድ አለችው። ዳኛ የተባለው የነርቭ ሐኪም ነው። እምሩ ነገሩ ክርክር እስከሆነ ድረስ አይሸሽም፤ እሺ አለ።

ሐኪሟ ዶክተር ሉዋም ትባላለች፤ ከኤዶም ብዙ የማትበልጥ፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት። እምሩን በኮሪደሩ አስኬደችው፤ ቀኝ እጁ ሲራመድ እንደማይወዛወዝ አይናዲስ ያን ጊዜ ገና አስተዋለች። ጣቶቹን እንዲያጋጭ፣ መዳፉን እንዲገለባብጥ አደረገችው። ሌሊት በሕልሙ ይራገጥ እንደሆነ ጠየቀች፤ አይናዲስ መራገጥ ከጀመረ ብዙ ዓመት እንደሆነው፣ እሷም መሸሻ እንዳታጣ ግድግዳው በኩል መተኛት እንደተወች ተናገረች። እምሩ ይህን ሲሰማ የመጀመሪያው ነበርና ሚስቱን በይቅርታ ዓይን አያት።

ከዚያ ዶክተሯ ዓይኑን እንዲጨፍን ነገረችው። ከመሳቢያዋ ትናንሽ ብልቃጦች አወጣችና አንዱን ከፍታ ከአፍንጫው ሥር ያዘች። የቡናው ሽታ አይናዲስ የተቀመጠችበት ድረስ መጣ።

«ምን ይሸትዎታል አባቴ?»

«ክፍት ነው እንዴ?» አለ እምሩ።

ቅርንፉድ አስጠጋችለት። ነጭ ሽንኩርት አስጠጋችለት። ለነጭ ሽንኩርቱ ጥቂት አስቦ ሳሙና ነው አለ። ኤዶም ልትስቅ ብላ የእናቷን ፊት አይታ ተወችው።

«ሽታ መለየት ካቆሙ ምን ያህል ይሆናል?»

እምሩ አላቆምኩም አለ። ምግብ እንደ ድሮው ጣዕም እንደሌለው አይክድም፤ ግን የዛሬ ቅመም መቼ ቅመም ሆነ? የአይናዲስ ሐሳብ ግን ወደ ቀድሞው የመጋቢት ጊዮርጊስ ሄዶ ነበር።

ባልና ሚስቱ የጊዮርጊስ ማኅበር አላቸው። አባላቱ ድሮ ሁሉም ከፒያሳ እስከ አፍንጮ በር ነበሩ፤ ዛሬ ከተማው በትኗቸው ጽዋው በታክሲ ይመላለሳል። በየወሩ በሃያ ሦስት፣ ተረኛ የሆነው ቤት ይደግሳል፤ ማኅበርተኛው በልቶ ጠጥቶ ሲያበቃ ደግሞ የሚቀጥለው ተረኛ ጽዋውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስዳል። እምሩ ልቡን ከመታመሙ ከሦስት ዓመት በፊት ተራው በመጋቢት ወደ እነሱ ቤት ደረሰ። መጋቢት ሁዳዴ ነው። ቅዳሴ ሳይወጣ እህል ውኃ አይቀመስም፤ ስለዚህ ጠላው ለእንግዳ መድረስ አለመድረሱ የሚታወቀው በምላስ ሳይሆን በአፍንጫ ነው። አይናዲስ ያን ሰሞን ጉንፋን ይዟት ነበር። ለወትሮው እሷ የምታደርገውን ለባሏ ሰጠችው። ጋኑ ሲከፈት እምሩ ጎንበስ ብሎ አሸተተና «ልዩ ነው አይኔ፣ እጅሽ ይባረክ» አላት።

ጠላው ሆምጥጦ ነበር። መሆምጠጥ ብቻ አይደለም፣ ሽታው ከግቢ ውጭ ሰው ይጠራ ነበር። የቀዱት ጎረቤቶች በይሉኝታ ዝም አሉ። መጀመሪያ የጠጣው የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው አቶ ፍስሃ፣ የዋንጫውን ታች ለረጅም ጊዜ ተመልክቶ፣ «አይናዲስ፣ ሰላጣው መቼ ነው የሚመጣው?» አለ። አራዳ ያደገ ሰው ምላስ አንዴ ከያዘ አይለቅም። ከዚያ ወዲህ በየቤቱ ኮምጣጤ በተነሳ ቁጥር የእምሩ ቤት ስም አብሮ ይነሳል። አይናዲስ ጋኑን ግቢው ጥግ ደፍታ፣ ተራዋ ሲደርስ ለስላሳ መጠጥ እያስመጣች አሳለፈች።

በፍስሃ ምላስ አላዘነችም፤ ያዘነችው በባሏ ነው። ያን ጠዋት ለደንበኛ ያላደረሰው ኮት ነበረውና፣ በችኮላ ሳያሸት አሸተትኩ ያላት መስሏት ነበር። እንግዶቹ ሲሄዱ «ለእኔ ክብር አንዲት ትንፋሽ ነፈግኸኝ» አለችው። እሱም «ለእኔ ጥሩ ነበር» አለ። አላመነችውም። ነገሩ ከዚያ በኋላ በቤታቸው አልተነሳም፤ ግን እንደ ቀረ መርፌ ልብስ ውስጥ ተሰክቶ ኖረ።

ይህን ሁሉ ለዶክተሯ ነገረቻት። እምሩ አልተንቀሳቀሰም። የምትንቀሳቀሰው እጁ ብቻ ነበረች።

ዶክተር ሉዋም ወንበሯን ወደ እምሩ ሳብ አደረገች። ሕመሙ ፓርኪንሰን እንደሚባል፣ አንጎል ውስጥ እንቅስቃሴን የሚያግዙ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ሲያንሱ እንደሚመጣ ነገረችው። ሽታ ማጣትና በሕልም መራገጥ እጅ ከመንቀጥቀጡ ከብዙ ዓመት በፊት ሊቀድሙ ይችላሉ። ጥርጣሬው የሞኝ ጥርጣሬ እንዳልነበረም አልደበቀችውም፤ እጅ የሚያንቀጠቅጡ መድኃኒቶች አሉ፤ እሱ ከሚወስዳቸው መካከል ግን ተጠርጣሪ የለም።

«ልቡስ?» አለች አይናዲስ። የራሷን ክርክር ገና አልተወችም።

«ይህ ብዙ የሚጠና ነገር ነው እማማ» አለች ዶክተሯ። «ልባቸውን የታመሙ አረጋውያን ለዚህ ሕመም የበለጠ ይጋለጣሉ የሚሉ ጥናቶች አሉ። ግንኙነቱ ይህን ያህል አይደለም የሚሉም አሉ። በእሳቸው ላይ ይህ ያንን አመጣው ብዬ ልምልልዎት አልችልም። የማውቀውን ልንገርዎት፤ እጃቸውን በመድኃኒት እናግዛታለን፣ ከእሷ ጋርም ብዙ ዓመት መኖር ይችላሉ። ያቺን ነጭ ክኒን ሳይወስዱ ግን ልባቸው ዋስ የለውም።»

ሲመለሱ ኤዶም ወደ ሥራዋ ሄደች፤ እምሩ ትንሽ በእግር ልሂድ ስላለ፣ ባልና ሚስቱ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ከታክሲ ወርደው በግንቡ ጥግ አዘገሙ። አይናዲስ በቀኙ በኩል ሆና የማትወዛወዘውን እጁን ያዘች። መንቀጥቀጡ በእሷ መዳፍ ውስጥ ሲገባ ትንሽ በረድ ይላል።

«ሁለታችንም ተሸነፍን» አለችው።

«አንቺስ ግማሹን ረተሻል፤ ክኒኗ ንጹሕ ናት።» ከዚያ ጥቂት ተራምዶ ቆመ። «አይኔ፣ ክኒኗ ብትሆን ይሻለኝ ነበር።»

«ለምን?»

«ክኒን ከሆነች ትጣላለች። እጄ እንደ ድሮው ሆና አንድ ኮት፣ አንድ እንኳ፣ ለኤዶም ባል የሚሆን ልሰፋ እችላለሁ ብዬ ነበር። እኔው ራሴ ከሆንኩ ምኑን ነው የምጥለው?»

እጁን ይበልጥ አጥብቃ ያዘችው።

የእጁን አዲሱን መድኃኒት ሳያንገራግር ጀመረ። ትንሿን ነጭ ግን ጠዋት ጠዋት መዳፉ ላይ አድርጎ ያያታል፣ ከዚያም የስፌት መኪናዋ ላይ ያስቀምጣታል። አሁን አይደብቃትም፤ አይውጣትምም። ቢውጣት ተስፋውን አብሮ የሚውጠው ይመስለዋል። አይናዲስ ይህ ከገባት በኋላ መጎትጎቱን ተወች። መተዉ ግን አላስተኛትም፤ ሌሊት ትንፋሹን እየሰማች ታነጋለች።

አንድ ጠዋት ወደ ግቢው ወጥታ የተደፋውን ጋን አቃናችው። ሸረሪቱን ጠርጋ በግራዋ ቅጠል ታጥበው ጀመር። እምሩ በመስኮቱ ሲያያት ቆይቶ ወጣና አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ምን ልታደርጊበት ነው?»

«እንጃ» አለች፣ እጇ እስከ ክርኗ ጋኑ ውስጥ እንደሆነ። «እምሩ፣ አንዲት ትንፋሽ ነፈግኸኝ ያልኩህን መልሼ ወስጄዋለሁ። ያለህን ነው የሰጠኸኝ።»

እምሩ ቅጠሉን ከእጇ ተቀብሎ የጋኑን አፍ ዙሪያውን ይፈትግ ጀመር፤ የሚንቀጠቀጥ እጅ ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው፣ ይበልጥ ይፈትጋል። እሱም ይህን አስተውሎ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች።

ጥቅምት ሃያ ሦስት ማኅበሩ በሙሴው በአቶ ፍስሃ ቤት ነበር፤ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሽቅብ፣ ቅያሱ ውስጥ። እምሩ ከታመመ ጀምሮ ማኅበር ላይ እጁን ከጋቢው አያወጣም፤ ዋንጫም በግራው ነው የሚቀበለው። የሚቀጥለው ተረኛ እሱ ነው። አይናዲስ ግን ጠርሙሱን ባገኘችበት ሳምንት ለፍስሃ ደውላ፣ እምሩ ደህና ስላልሆነ ተራው ይለፈን ብላው ነበር። ለእምሩ አልነገረችውም። በሙሉ ማኅበር ፊት፣ ሞልቶ የሚሰጠውን ጽዋ በዚያ እጅ ሲቀበል እንዲታይ አልፈለገችም።

ተበልቶ ተጠጥቶ፣ የንስሐ አባታቸው ጸሎት አድርሰው ሲያበቁ ፍስሃ ተነሳ። ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ከፊቱ ነው። ተረኛው ወንድማችን እምሩ ነበሩ አለ፤ በጤናቸው ምክንያት ግን ተራው ወደ እህታችን ለተክርስቶስ ያልፋል። ከዚያ ምላሱ አላስችል አለው።

«ደግሞ ኅዳርም ጾም ነው» አለ። «እምሩ ጠላውን በአፍንጫው ከሚፈርድልን ምላሳችን ደርቆ ብንቆይ ይሻላል። ሰላጣ ተወዷል።»

ቤቱ ሳቀ፤ በክፋት አይደለም፣ የቆየ ሳቅ ነው። አይናዲስ ግን ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ልትናገር አፏን ስትከፍት ቀሚሷን የሚስባት ነገር ተሰማት፤ ዞር ስትል የእምሩ ቀኝ እጅ ነበረች፣ ከጋቢው ወጥታ፣ ሰው ሁሉ እያያት የምትንቀጠቀጥ።

«ቁጭ በይ አይኔ» አላት፣ ቀስ ብሎ። «የእኔ ነው።»

ተነሳ። ለመነሳት ጊዜ ወሰደበት፤ ሳቁ በዚያ ጊዜ ውስጥ አለቀ። እጁን ወደ ጋቢው አልመለሳትም።

ፍስሃ እንዳልዋሸ፣ ጠላው በእርግጥ ኮምጣጤ እንደነበረ በመናገር ጀመረ። የእሷ እጅ ግን አላጠፋም፤ ያጠፋው የእሱ አፍንጫ ነው፤ አፍንጫው ያን ጊዜ ሞቶ እንደነበር ደግሞ እሱም አላወቀም፣ እስከ ቅርብ ሳምንታት ድረስ ማንም አላወቀም። ሕመሙ ስም አለው። ስሙንም ነገራቸው። ልቡ ሌላ ሕመም፣ እጁ ሌላ ሕመም እንደሆኑ፣ ጎረቤት ይሁኑ ዘመድ ሐኪሞቹም ገና እየጠየቁ እንደሆነ፣ እሱ ግን ጥፋት በሌለባት ክኒን ላይ ፈርዶ ልቡን ሊያስቀጣ እንደነበር አስረዳ። ፍስሃ ቆሞ ሲያዳምጥ ፊቱ እንደ ልጅ ሆነ። «ይቅር በለኝ ወንድሜ» አለ፣ ጨርቁን ያለ ምክንያት እያስተካከለ። እምሩ ሰላጣው ዕዳህ ነው አለው፤ ቤቱ እንደገና ሳቀ፣ አሁን ግን ሌላ ሳቅ ነበር።

ከዚያ ወደ ጽዋው ተራመደና ሁለት እጁን ዘረጋ። ቀኙ አየር ላይ ክሩን ያፍተለትላል። አይናዲስ መጥታ በቀኙ ቆመች፤ መዳፏን ከእጁ ሥር አስገባች።

«ጽዋውን ወደዚህ ስጡኝ» አለ እምሩ። «ተራዬን አላሳልፍም። ኅዳር ጊዮርጊስ እኛ ቤት ነው። ጋኑ ታጥቧል፤ ጠላውን አይኔ ታሸተዋለች፤ እኔ ደግሞ በሕይወት ቆይቼ በር ላይ እንድቀበላችሁ፣ ያቺን ነጭ ክኒን ከነገ ጠዋት ጀምሮ እውጣታለሁ።»